የጋሽ ፊሽካ ሣር

ጋሽ ፊሽካን በሚሳሳለት ሣር ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ያገኘው ታናሽ ወንድሙ ነው። ማለዳ ነበር፤ ጤዛው ገና አልረገፈም። መድኃኒት መርጫው ጀርባው ላይ እንደታዘለ፣ የጎማ ቦት ጫማው እግሩ ላይ እንዳለ፣ አንድ እጁ ወደ ፊት ተዘርግቶ ነበር። ወንድምየው የጆሮ መሣሪያውን ሳያደርግ ስለወጣ የገዛ ራሱን ጩኸት እንኳ በቅጡ አልሰማውም። መምህሯ ግን ሰማችው። የሟቹ አንድያ ልጅ ናት። ከነሌሊት ልብሷ ሮጣ ወጣችና ሣሩ ዳር ስትደርስ ቀጥ አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ ያንን ሣር እንድትረግጥ ተፈቅዶላት አያውቅም። አባቷ እዚያ ወድቆ እያየችው እንኳ እግሯ እሺ አላላትም፤ ባሏ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ገፋ ሲያደርጋት ነው የረገጠችው።

ሰውዬው በጉልምስናው የእግር ኳስ ዳኛ ነበር። ጡረታ ሲወጣ ሜዳውን ተወ እንጂ ፊሽካውን አልተወም። ከአንገቱ ላይ ሳያወልቅ ይተኛል ይባል ነበር። ሰውም ሆነ ድመት ሣሩን ከረገጠ ይነፋበታል። የሰፈሩ ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ተሰላቸ፣ በመጨረሻ ጭራሽ መስማቱን ተወ። ቤቱ በረጅም ግንብ የታጠረ ነው፤ የሳሎኑም የመኝታ ቤቶቹም መስኮት ወደዚያ አረንጓዴ ምንጣፍ ነው የሚያየው። ከበር ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ዕቃ ቤት የሚሄድ ሰው ግንቡን ተደግፎ ዙሪያውን ይዞራል። መምህሯ ዕድሜ ልኳን ስትዞር ኖራለች።

ጎረቤት ሁሉ አንድ ነገር ነው ያለው፦ «መድኃኒቱ ገደለው።» አፍንጫውን ሳይሸፍን፣ እጁ ላይ ጓንት ሳያጠልቅ የሣር ሥር የሚበላውን ትል አሳድዳለሁ ሲል ስንት ዓመት ረጨ። አስምም ነበረበት። ነገሩ እዚያ ላይ ያበቃ ነበር፣ ኢንስፔክተሯ ባትመጣ።

ኢንስፔክተሯ ጡረታዋ የተቃረበ፣ ጉልበቷን የሚያማት፣ ወፈር ያለች ሴት ናት። ስትናገር አትቸኩልም። የሬሳውን ፊት ከማየቷ በፊት የቦት ጫማውን ሶል አየች፤ በጣቷ ዳሰሰችው፤ ጣቷን ደግሞ ለራሷ አሳየች። ቀጥላ የመርጫውን እጀታ ጨመቀችው። ከመርጫው አፍ ጠብታ ወጣና ቆመ። የክዳኑ ዙሪያ እርጥብ ነበር፤ አሸተተችውና የሟቹን ሱሪ ጉልበት ደግሞ አሸተተች። የተጨበጠ እጁን ገልበጥ አድርጋ አየች፤ የጭብጡ ጎን ቆዳ ተልጧል። ከዚያ ቀና ብላ የጠየቀችው ነገር ማንም ያልጠበቀውን ነበር።

«ፊሽካው የታለ?»

ማንም አላወቀም። አንገቱ ላይ አልነበረም።

ከቀትር በፊት መምህሯ ሳሎን ውስጥ ከኢንስፔክተሯ ፊት ለፊት ተቀምጣ ነበር። ከትናንት በስቲያም፣ ከዚያ በፊትም ስለ ሣሩ ከአባቷ ጋር ተጣልታለች፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሣሩ ተነቅሎ መድኃኒት የማይፈልግ፣ ውኃም ብዙ የማይጠጣ ተክል ይተከል ነው የምትለው፤ ሬት፣ የጥብስ ቅጠል፣ ላቬንደር። አባቷ በሕይወቴ እያለሁ አይሆንም ይላል። ኢንስፔክተሯ ግን ይህንን ሁሉ ከሌሎች ሰምታ ኖሮ በቀጥታ ወደ ሌላው ነገር ሄደች።

«ትናንት ጠዋት በረንዳው ላይ ምን አልሽው፣ ልጄ?»

መምህሯ መሬት መሬት አየች። «‹ይሄ ሣርህ አንድ ቀን ይገድልሃል› አልኩት።»

«ከዚያ?»

«ከዚያ ሥራ ሄድኩ። ማታ ክፍል ስለነበረኝ ከመሸ ነው የገባሁት፤ የትምህርት ቤቱ መኪና ነው ያደረሰኝ። ባለቤቴ ‹አኩርፎ በጊዜ ተኛ› አለኝ። ሲያኮርፍ በሩን ዘግቶ መተኛት ልማዱ ነው። ገብቼ ይቅርታ ልጠይቀው አስቤ ነበር። ነገ ይደርሳል ብዬ ተውኩት።»

ኢንስፔክተሯ ራሷን ነቀነቀች እንጂ አላጽናናቻትም። ስትነሳ ትእዛዝ ሰጠች። ከቤተሰቡ ማንም ከግቢ አይወጣም። ማንም ሣሩን አይረግጥም። መምህሯ ሁለተኛውን ስትሰማ ሳቅም ልቅሶም የሆነ ነገር ከጉሮሮዋ አመለጣት። አባቷ ሞቶም ሕጉ አልተሻረም።

ቀጥሎ ወደ ዕቃ ቤቱ ሄዱ። ከግቢው ጥግ ያለች፣ መስኮት የሌላት፣ ጠባብ የሲሚንቶ ክፍል ናት። በሯ ብረት ነው፣ መቀርቀሪያው በውጭ በኩል። መደርደሪያው በአቧራ ተሸፍኗል፤ ወለሉ ግን ታጥቦ ያብረቀርቃል። እዚያ ሁለት ነጫጭ ጀሪካኖች ነበሩ፣ አንድ ዓይነት ቁመት፣ አንድ ዓይነት ክዳን። የአንዱ እጀታ ላይ ቀይ ክር ታስሯል። ክር የሌለው ባዶ ሊሆን ጥቂት ቀርቶታል። ኢንስፔክተሯ እያቃሰተች ተንበርክካ ከመደርደሪያው ሥር የሆነ ነገር አነሳችና ኪሷ ከተተችው። መምህሯ ምን እንደሆነ አላየችም፤ ለመጠየቅም አልደፈረችም።

ኢንስፔክተሯ ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ሰው ለየብቻ ስታነጋግር በጨዋታ መሃል ያንኑ ጥያቄ ጣል ታደርግ ነበር፦ ከሁለቱ የትሉ መድኃኒት የትኛው ነው? መምህሯ ክር የሌለው ነው አለች። ክር ያለው አረም ማድረቂያ ነው፣ ከበሩ እስከ ቤቱ የተነጠፈው ድንጋይ መሃል ለሚበቅለው አረም፤ የነካውን ሣር ሁሉ ስለሚያደርቅ አባቷ እንዳይሳሳት ምልክት አደረገበት። በልጅነቷ ያስተማራት የመጀመሪያው ነገር ይህ ነው፣ ከፊደልም በፊት። አጎቷም ያንኑ ተናገረ፤ እንዲያውም ክሩን ያሰርኩት እኔ ነኝ አለ። ቤቱን ከወንድሙ ጋር ከተጋራ ብዙ ዘመኑ ነው፤ በከዘራ ነው የሚሄደው። በዋዜማው ማታ የጆሮ መሣሪያውን አውልቆ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ነበር። ለምን አወለቁት ሲባል፣ «ፊሽካውን ነዋ። እሱ ቤት ውስጥ ሰው ጆሮ ይዞ አይኖርም» አለ፤ ብሎም አለቀሰ።

ከግንቡ ባሻገር ያለችው ጎረቤት ንብ ታረባለች። ጋሽ ፊሽካ በረጨ ቁጥር ንቦቿ ቀፎው ሥር ተረፍርፈው ስለምታገኝ ሁለቱ ሰላምታ ከተለዋወጡ ቆይተዋል። ጀሪካኖቹን አይታቸው አታውቅም። ግን አንድ ነገር ሰምታለች፤ ስትናገረውም ፊቷን አዞረች።

«ማታ፣ ፀሐይ እንደገባች፣ ነፋው። እንደዚያ ቀን ነፍቶ አያውቅም። ረጅም ረጅም። ደግሞ ድምፁ የታፈነ ነው፣ ከቤት ውስጥ እንደሚመጣ። ብረትም የሚደበድብ ነበር። ድመቴን አገኛት ብዬ…» አፏን ያዘች። «መስኮቴን ዘጋሁት፣ እመቤቴ። ዝም ብዬ ዘጋሁት።»

የመምህሯ ባል የአሳንሰር ጠጋኝ ነው። ጨዋታ አዋቂ፣ ረጋ ያለ ሰው ነው። መብራት ሲጠፋ በየፎቁ መሃል የተዘጉ ሰዎችን ማውጣት የዕለት ሥራው ስለሆነ ማታ ማታ የእነሱን ታሪክ እየተረከ ሚስቱን ያስቃት ነበር። አማቹ ሣሩን እንዲያግዘው ሲጠራው ግን ሥራ አለብኝ ይላል። ዕቃ ቤቱ ውስጥ ገብቼ አላውቅም፣ ጀሪካኖቹን ግን በበሩ በኩል አይቻቸዋለሁ አለ። የትሉ የቱ ነው ለሚለው «ባለ ቀዩ ክር ነው መሰለኝ። ቀይ ያው አደገኛ ማለት አይደል?» ሲል መለሰ። በዋዜማው ማታ ቴሌቪዥን ከፍቶ ኳስ ያይ ነበር፤ ፊሽካም አልሰማም፣ ከሰማም የኳሱ መስሎት ይሆናል።

ከቀብሩ በኋላ ያሉት ቀናት ለመምህሯ አልገፋ አሉ። ለቀብር ያወጣቸው ፖሊስ መልሶ አስገብቷቸዋል። በሩ ላይ ሁለት ፖሊሶች፣ በረንዳው ላይ ኢንስፔክተሯ። ሴትዮዋ ጠዋት መጥታ የገመድ ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ሣሩን ታያለች፤ ወደ ማታ ትሄዳለች። መምህሯ በየትኛውም መስኮት ብትቆም ሣሩና የሴትዮዋ ጀርባ ነው የሚታያት። «ይገድልሃል» ያለችውን ቃል ለፖሊስ ማን እንደነገረ ታሰላስላለች፤ አጎቷ ይሆን? ጎረቤቷ? ሁሉም ሲያያት የሚሸሽ መሰላት። አንድ ሰው ብቻ አልሸሻትም። ባሏ ውኃ ያቀርብላታል፣ ፀጉሯን ይዳስሳታል፣ «ያልፋል» ይላታል። የባሕር ዳርቻ ከተማ ላይ የተሰጠውን የኃላፊነት ሥራ አባቷ «ልጄ ከዚህ ቤት አትወጣም» ብሎ ካስተወው ወዲህ እንደዚህ ቀርቧት አያውቅም ነበር።

አንድ ጠዋት ከመስኮቱ ሥር የአካፋ ድምፅ ሰማች። ባሏ ነው። በትንንሽ ጥቁር ፕላስቲክ የተተከሉ ችግኞች በስልክ አዝዞ አስመጥቶ በር ላይ ደርድሯቸዋል፤ ሬቱም፣ የጥብስ ቅጠሉም፣ ላቬንደሩም አለ። እሱ ከዕቃ ቤቱ በር ፊት ለፊት ቆሞ የሣሩን ጠርዝ እየቆፈረ ነበር። ሮጣ ወጣች።

«ሁልጊዜ የምትፈልጊው ይሄን አይደል?» አላት ላቡን እየጠረገ። «አሁን ማን ይከለክልሻል? ሁሉንም ነቅዬ ዛሬውኑ እተክልልሻለሁ።»

ዓይኗ እንባ ሞላ። በዚያ ቤት ውስጥ ከሣሩ በፊት እሷን ያስቀደመ ሰው አይታ አታውቅም። አቀፈችው። ኢንስፔክተሯ ገና በሩን መግባቷ ነበር፤ ከወትሮዋ ፈጠን ብላ ግንቡን ተከትላ መጣችና አካፋውን ከእጁ ተቀበለችው። አልተቆጣችም። ወደ መምህሯ ዞር ብላ ተክሉን የት ልትተክይ ነበር የምታስቢው ስትል ጠየቀቻት። መምህሯ በሳሎኑ መስኮት ሥር ነው አለች፤ ለዓመታት ስትናገረው የኖረችው ቦታ ነው፣ ከዕቃ ቤቱ ጋር በግቢው ሁለት ጫፍ። ኢንስፔክተሯ የተቆፈረውን አፈር በእግሯ መልሳ ደለደለችው። ቆፋሪውን ግን ለምን ከዚህ ጀመርክ አላለችውም።

ከዚያ ወዲህ መምህሯም ሣሩን ማየት ጀመረች። መጀመሪያ ዓይኗን ያታለላት መሰላት። ከዕቃ ቤቱ በር ጀምሮ አንድ ቦታ ወዝ ያጣ፣ ሌላ ቦታ የገረጣ፣ ነጠብጣብ የመሰለ ነገር ነበር። በማግስቱ ቢጫ ሆነ። ቀጥሎ ነጠብጣቡ ተያያዘና ጠባብ መስመር ሠራ፤ ሣሩን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ሄዶ አባቷ ወድቆ የተገኘበት ቦታ ላይ ሰፋ ብሎ ቆመ። ሌላው ሁሉ ለምለም ነው። ባሏ ያን ሰሞን ቁርስ አልበላም።

ኢንስፔክተሯ ሁሉንም በረንዳው ላይ የሰበሰበቻቸው መስመሩ ገለባ የመሰለ ለት ነው። አጎትየው የጆሮ መሣሪያውን አድርጎ፣ ጎረቤቷ ነጠላ ጫማ እንዳደረገች፣ ባልና ሚስቱ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ፖሊሶቹ ደረጃው ላይ ቆሙ።

«ይቅርታ አድርጉልኝ፣ ብዙ አቆየኋችሁ» ብላ ጀመረች። «የላቦራቶሪው ውጤት ይዘገያል፤ ሣሩ ይቀድማል ብዬ ነው።»

ከዚያ በዝግታ፣ ለተማሪ እንደሚያስረዳ ሰው፣ አንድ በአንድ አስቀመጠችው። ሰውዬው ሲረጭ ወድቆ ቢሆን ኖሮ ቦት ጫማው በጤዛ ይርስ ነበር። ሶሉ ደረቅ፣ የከረመ አቧራ ያለበት ነው። ስለዚህ በእግሩ ሄዶ አልመጣም፤ ተሸክመው አምጥተው ነው ያስተኙት። መርጫው አየር አልተነፋበትም፤ አየር ያልተነፋ መርጫ አይረጭም። ሱሪው ጉልበቱ ላይ በትል መድኃኒት ርሷል፣ ሽታው አፍንጫ ይሰነጥቃል፤ ከመርጫው ክዳን የፈሰሰው ግን ያ ሽታ የለውም። ታዲያ ሰውዬው አንዱ መድኃኒት ውስጥ ተንበርክኮ፣ ሌላውን መድኃኒት እንዴት ያዝላል?

እጇን ኪሷ ከታ የተበጠሰ ገመድ ያለበት ፊሽካ አወጣችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው። መምህሯ ዓይኗን ጨፈነች።

«ዕቃ ቤቱ ውስጥ፣ መደርደሪያው ሥር ነው ያገኘሁት። ሰውዬው እዚያ ነው የሞተው። በሩ በውጭ ተቀርቅሮበት። በጨለማ ሲዳብስ ክዳኑ ያልጠበቀውን ጀሪካን ገለበጠው፤ መስኮት የለም፤ አስም አለበት። በሩን በጭብጡ ደበደበ፤ እጁ የተላጠው ለዚያ ነው። ፊሽካውን ነፋ። እርስዎ ሰምተውታል፣ እትዬ፤ ባላወቁት ነገር አይጸጸቱ። ያ የሰሙት ፊሽካ የድመት አልነበረም።»

የከፈተው ሰው ሬሳ ሲያገኝ፣ አለች፣ ወለሉን አጠበ። ሲነጋጋ ሬሳውን አውጥቶ ሣሩ ላይ አስተኛ፣ ቦት ጫማ አጠለቀለት። ከዚያ ተመልሶ መርጫውን ሞልቶ በእጁ አንጠልጥሎ አመጣ። ክዳኑን ግን በቅጡ አልገጠመውም። መንገዱን ሁሉ ሲንጠባጠብ ሄደ። በጤዛ ላይ ጠብታ ማን ያያል? ያ ሰው ከትሉ መድኃኒት ሞልቶ ቢሆን ኖሮ እስከ ዛሬም ማንም አያየውም ነበር፤ እሱ ሣር አይጎዳም። የሞላው ግን ከአረም ማድረቂያው ነው። ያ መድኃኒት ደግሞ አይቸኩልም፤ ቀን ቆጥሮ ነው የሚናገረው።

«ስለዚህ የምፈልገው ሰው ሁለቱን ጀሪካን የማይለይ ነው። ልጅቱ ታውቃለች፤ ማታ ደግሞ ትምህርት ቤት ነበረች። አጎቷ ክሩን በገዛ እጃቸው አስረዋል፤ በከዘራ እየሄዱም ሬሳ አይሸከሙም። እትዬ አያውቁትም፣ ግን የውጭው በር ሌሊቱን በውስጥ የተቆለፈ ነበር፤ እሳቸው ግንብ አይዘሉም። አንድ ሰው ብቻ ቀርቷል። ሣሩ መገርጣት ሲጀምር ከማንም በፊት ያየውም እሱ ነው፤ አካፋ ይዞ ለመንቀል የተጣደፈውም። ለሚስቱ ቢሆን ኖሮ ከመስኮቱ ሥር ይጀምር ነበር።»

መምህሯ ወደ ጎን አልዞረችም። ችግኞቹ በር ላይ እንደተደረደሩ ናቸው፤ ያቀፈችበት ክንዷ ላይ የሆነ ነገር የሚሄድባት ይመስል አሻሸችው።

ባልየው አልካደም። ድምፁ ከወትሮው የለሰለሰ ነበር።

«ልገድለው አልነበረም። ስለ ዝውውሩ እንደገና ለመንኩት። ጀርባውን ሰጥቶኝ ዕቃ ቤት ገባ፤ ‹አንተ ሂድ፣ እሷ የትም አትሄድም› አለኝ። በሩን ገፋሁና ቀረቀርኩት። በሥራዬ ስንት የተዘጋ ሰው አውጥቻለሁ፤ ይሳደባሉ፣ ውኃ ይጠይቃሉ፣ ይሄዳሉ። ማንም አልሞተም። ስንት ዓመት እኔ እዚህ ቤት… መዘጋት ምን እንደሆነ ትንሽ ይቅመሰው ብዬ ነው። ንዴቴ እንዲበርድ ወጣ ብዬ ስዞር ቆየሁ። ስመለስ ዝም ብሏል።»

አጎትየው ከዘራውን መሬት ላይ ጣለው። ጎረቤቷ ማልቀስ ጀመረች። ኢንስፔክተሯ ለፖሊሶቹ ምልክት ሰጠች፤ ሁለቱ ሰውየውን ግራና ቀኝ ይዘው ደረጃውን ወረዱ። ሁሉም እንደ ልማዱ ወደ ግንቡ ጥግ ሊሄድ ሲል መምህሯ ብድግ ብላ በሣሩ መሃል አቋርጣ በሩ ላይ ደረሰችባቸው። ፖሊሶቹ ቆሙላት።

አሥር ዓመት አብራው ኖራለች። ሲዋሽ ድምፁ ይለሰልሳል፤ ይህንን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

«ወጣ ብለህ አልዞርክም» አለችው። «ሲነፋ የት ነበርክ?»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። ኢንስፔክተሯ ከኋላ መጥታ ቆማ ነበር። መንገዱ ላይ መኪና አለፈ። መልሱ ሲመጣ ለስላሳ አልነበረም፤ የተሰነጠቀ፣ የሌላ ሰው የሚመስል ድምፅ ነው።

«በሩ ላይ ቆሜ ነበር» አለ። «ሲያቆም እከፍትለታለሁ ብዬ።»